አሞርዛተር በስም ሳይሆን በልክ ይሸጥ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የመኪናን ጉድለት ሸፋፍኖ ያሳልፋል፤ ከደባርቅ ወዲያ ግን የሚሸፈን ነገር የለም። በስተ ምሥራቅ ያለው የጠጠር መንገድ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ከ4000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ቧሂት ማለፊያ ይወጣል። በስተ ሰሜን ደግሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደሉን ቆርጠው መንገድ ያወጡበት የሊማሊሞ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው ሁሉ፣ ሜዳ ያባውን የመኪና ጉድለት ቁልቁለት ያወጣዋል።

በዚህ አገር የገበሬውን ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ወደ ገበያ የምታደርስ፣ የባለ ሱቁንም ስኳርና ሳሙና ይዛ የምትመለስ አንዲት የታወቀች አገልጋይ አለች። እርስዋም ፒካፕ ናት። ትልቁ ካሚዮን ከማይደርስበት መንደር ትደርሳለች፤ በቅሎ ከሚያነሣው እጅግ የበለጠ ታነሣለች። ይህች ፒካፕ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከፍ ከፍ እንድትል የሚፈልጉ ባለ መኪናዎች በርክተዋል። አንዳንዱ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት ሲል፣ ሌላው ጭነት ሲበዛ እንዳትጎብጥ ሲል፣ ሌላውም መልኳ ግርማ እንዲያገኝ ሲል ከፊት ማንሻ ቀለበት ያስገባባታል፣ ወይም ከኋላ ባሌስትራ ያስደምርባታል። ከዚያ በኋላ አሞርዛተሩ ሲያልቅ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የሃይሉክስ አሞርዛተር አለ ወይ?» ይላል። ባለ ሱቁም የመኪናውን ዓመተ ምሕረት ጠይቆ ካርቶኑን ያወርድለታል። ሽያጩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ፋብሪካው በዚያ ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠው አሞርዛተር ለፋብሪካው መኪና የተለካ ነው፤ በገዢው እጅ ያለው ግን የፋብሪካው መኪና መሆኑ ቀርቷል። ስሙና ዓመተ ምሕረቱ አንድ ሆኖ ልኩ ተለውጧል። ስለዚህ ከፍ ለተደረገ ፒካፕ አሞርዛተር በስም ሊሸጥ አይገባም፤ በልክ ነው መሸጥ ያለበት። ይህም የመካኒኩ ሥራ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም። የአስመጪው፣ የጅምላ ሻጩና የባለ ሱቁ ሥራ ጭምር ነው።

ነገሩን ለመረዳት አሞርዛተር ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ብዙ ሰው አሞርዛተር ጭነት ይሸከማል ብሎ ያምናል። ጭነት የሚሸከመው ግን ከኋላ ባሌስትራው፣ ከፊት ሞላው ነው። የአሞርዛተር ተግባር ሌላ ነው። ባሌስትራና ሞላ አንድ ጊዜ ከተጨቆኑ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለላቸውን አያቆሙም፤ አሞርዛተሩ በቱቦ ውስጥ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያንን ዝላይ ይይዛል፣ የዝላዩንም ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ለአየር ይሰጣል። በዚህም ጎማው ከመሬት ጋር እንዳይለያይ ያደርጋል። ጎማ መሬት ሲለቅ መሪም ፍሬንም ይሠራሉ ማለት አይቻልም። እንግዲህ መኪናው ጭነት ሲጫንበት የሚጎብጥ ቢሆን ጥፋቱ የባሌስትራው እንጂ የአሞርዛተሩ አይደለም። ለዚህ ሲባል ጠንካራ አሞርዛተር መግዛት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ሁለተኛው የሚታወቅ ነገር ፋብሪካው ፒካፕን ለምን ከኋላ ከፍ አድርጎ እንደሚሠራው ነው። ባዶ ፒካፕ ከጎን ቢታይ ኋላው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ስሕተት አይደለም። 10 ኩንታል ገደማ ሲጫንበት ኋላው ወርዶ ከፊቱ ጋር እንዲስተካከል ተብሎ የታሰበበት ነው። ስለዚህ ባዶውን ለዓይን እንዲስተካከል ፊቱን ያነሣ ባለ መኪና፣ ጭነት የጫነ ዕለት አፍንጫውን ወደ ሰማይ የቀሰረ መኪና ይዞ ይጓዛል። መብራቱ ከመንገድ ይልቅ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያበራል፤ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪው ይሰንፋል። ከዳባት ገብስ ጭኖ ለጎንደር የብቅል ፋብሪካ የሚያደርስ ነጋዴ የፊት ማንሻ ቀለበት አያስፈልገውም ማለት ነው። ቀለበቱ የሚጠቅመው በፊት ለፊቱ የብረት መከላከያ፣ ገመድ መጎተቻና ይህን የመሰለ ክብደት የተጨመረበትና ፊቱ በዚሁ ምክንያት የወረደ መኪና ነው፤ ወይም ባዶውን ሰው ይዞ ወደ ተራራው የሚመላለስ ነው። ቀለበቱን የማይፈልገውን ደንበኛ «አያስፈልግህም» ብሎ የሚመልስ ባለ ሱቅ ዛሬ አንድ ሽያጭ ያጣል፤ ደንበኛውን ግን አያጣም።

ከፍ ማድረጉ ተገቢ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በምን መንገድ እንደተደረገ መጠየቅ አለበት። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተሠሩት ሃይሉክሶች ከፊት ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድነት የታሰሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ቀለበት የሚገባበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ከሞላውና ከአሞርዛተሩ በላይ፣ ከሻሲው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ የአሞርዛተሩ አቋም አይለወጥም፤ ነገር ግን ጎማው በጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከቀድሞው ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግና የመገጣጠሚያ ክፍሎቹም ከልክ በላይ ይጣመማሉ። ሁለተኛው ቀለበቱን በሞላው ጫፍ ላይ አስገብቶ ሞላውን መጨቆን ነው። በዚህ ጊዜ አሞርዛተሩ ገና መኪናው እንደ ቆመ ተስቦ ይቆማል፤ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያንሰዋል፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ዘንጉ ጫፍ ደርሶ ይመታል። ገዢው «ከፊት ኳ ኳ ይላል» ብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። አሞርዛተሩ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ተመሳሳይ ቢገዛ ያው ድምፅ ይመለሳል።

በዚህ ዓይነት መኪና ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አይዘነጋ። ከላይ የሚገባ የ1 ሳንቲ ሜትር ቀለበት መኪናውን የሚያነሣው በ1 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ነው፤ ምክንያቱም ሞላው የተተከለው በክንዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ መካከሉ ገባ ብሎ ስለ ሆነ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ማንሣት የፈለገ ሰው ቶርኖ ቤት ሄዶ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ቢያስቆርጥ ከሚፈልገው እጥፍ አንሥቶ የመኪናውን ክንድና ዘንግ ያበላሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ግን ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠሩት ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆሙ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ አላቸው። በሁለቱም የፊት አሞርዛተር ከሞላው ወይም ከባሌስትራው ተለይቶ ለብቻው የሚታሰር በመሆኑ፣ መኪናው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አውቆ በዚያው ልክ ረዘም ያለ አሞርዛተር መምረጥ ይቻላል። «ፒካፕ ነው» ማለት ብቻ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። አሞርዛተር የሚመረጥባቸው ሦስት ልኮች አሉ። አንደኛው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ሲገባ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይዞ በደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ማሰሪያ ያለው ርቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዕቃው ዝርዝር ላይ ይገኛሉ፤ ሦስተኛው የሚገኘው በሜትር ከመኪናው ብቻ ነው። አሞርዛተሩ ዘንበል ብሎ የታሰረ ከሆነም የሚለካው በራሱ መስመር እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የአንድ ፒካፕ የኋላ አሞርዛተር ሲወጣ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ሲገባ 34 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እንግዲህ የሚመላለስበት ቦታ 22 ሳንቲ ሜትር ነው። መኪናው ተጭኖ ሲቆም በማሰሪያዎቹ መካከል 44 ሳንቲ ሜትር ቢገኝ፣ ወደ ውስጥ ለመግባት 10፣ ወደ ውጭ ለመውጣት 12 ሳንቲ ሜትር ቀርቶለታል። ይህ መልካም አቋም ነው፤ የተጫነ መኪና አሞርዛተር ከመንገዱ እኩሌታ አካባቢ መቆም አለበትና። ባለ መኪናው ባሌስትራ አስደምሮ ኋላውን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርግ ርቀቱ 49 ይሆናል፤ ለመውጣት የቀረው 7 ብቻ ነው። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ሲመለስና ኋላው ሌላ 5 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ግን የቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዘንጉ ጫፍ ይመታል፤ የዘይት ማገጃው ጎማ ይቀደዳል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ማሰሪያው ይሰነጠቃል። አዲስ ዕቃ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ባለ መኪናውም «የሸጠልኝ ሐሰተኛ ዕቃ ነው» ይላል። ዕቃው እውነተኛ ነበር፤ ሽያጩ ግን ትክክል አልነበረም።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ «ረጅሙን ስጠኝ» ብሎ ሌላ ስሕተት ይሠራል። በዚያው ምሳሌ፣ አክስሉ ከሻሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚያግደው ጎማ የሚነካው በማሰሪያዎቹ መካከል 36 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ነው እንበል። ሲወጣ 61፣ ሲገባ 37 የሚሆን አሞርዛተር ቢገዛ፣ ከማገጃው ጎማ አስቀድሞ አሞርዛተሩ ራሱ ተጨቁኖ ያበቃል። ያን ጊዜ የሙሉ ጭነት ምት የሚያርፈው በጎማው ላይ ሳይሆን በአሞርዛተሩ ላይ ይሆናል፤ ወይ ቱቦው ይፈነዳል፣ ወይ ማሰሪያው ይቆረጣል። ስለዚህ ሲገባ ከ36 የሚያንስ፣ ለምሳሌ 35 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መፈለግ አለበት፤ ካልተገኘም ማገጃው ጎማ በከፍታው ልክ መርዘም ይኖርበታል። አሞርዛተር አጭር ቢሆን አንድ ጥፋት፣ ረጅም ቢሆን ሌላ ጥፋት ነው።

ፊቱን ብቻ ላነሣ መኪና ረጅም የኋላ አሞርዛተር መሸጥም ያላስፈለገ ወጪ ነው። ኋላው አልተለወጠምና የፋብሪካው ልክ ይበቃዋል። አራቱንም በአንድ ዓይነት ማስረዘም ለሻጩ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ለገዢው ግን ጥቅም የለውም። ሊጠበቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ አሞርዛተር ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ የግራና የቀኙ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ የሆነ መኪና በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሳባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የፍሬን ነገር ነው፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ኤሌክትሮኒክ የፍሬን ማካፈያ በሌላቸው በብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማካፈያ አለ። ይህ ማካፈያ ሻሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ መኪናው እንደ ተጫነ ይረዳል፤ ለኋላ ፍሬንም ብዙ ግፊት ይለቃል። ሻሲው ከአክስሉ ሲርቅ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ባሌስትራ ተደምሮበት ኋላው ከፍ ያለ መኪና 10 ኩንታል ተሸክሞም ቢሆን ማካፈያው ባዶ ይመስለዋል። የኋላ ፍሬኑ ይሰንፋል፤ ሥራው ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በሜዳ መንገድ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከደባርቅ አፋፍ እስከ ድብ ባሕር በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ግን የፊት ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። ከፍ የተደረገ መኪና ሁሉ የዚህ ማካፈያ ዘንግ በአዲሱ ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት፤ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ቱቦም አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ እንዳይወጠር መታየት አለበት። ረጅም አሞርዛተር የሸጠ ባለ ሱቅ ይህን አንዲት ቃል ሳይናገር ገዢውን ቢያሰናብት፣ የሸጠው ዕቃ ምንም ያህል መልካም ቢሆን ሥራውን ፈጽሟል አይባልም።

ልኩ ከታወቀ በኋላ የዓይነቱ ምርጫ ይከተላል። በገበያ የሚገኙት በዘይት ብቻ የሚሠሩ፣ ዘይትና ጋዝ ያላቸው ባለ ሁለት ቱቦ፣ እንዲሁም ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የታሰረባቸው ባለ አንድ ቱቦ ናቸው። ባለ አንድ ቱቦው ቢልሽታይን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ በዓለም ዘንድ የታወቀ ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለማይቀላቀል አረፋ አይሆንም፤ ሙቀቱንም ቶሎ ወደ አየር ያወጣል። በዘይት ብቻ የሚሠራው ግን በተከታታይ ኮረኮንች ላይ ዘይቱና አየሩ ተደባልቀው አረፋ ይሆናሉ፤ አረፋም ዝላይን መያዝ አይችልም። ሾፌሩ ጠዋት መልካም የነበረው መኪና ከሰዓት በኋላ እንደ ጀልባ ሲዋልል የሚያየው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ባለ አንድ ቱቦው ለሁሉ ይሻላል ማለት ነውን? እንደዚያ አይደለም። በባለ አንድ ቱቦው የውጭው ግድግዳ ፒስተኑ የሚመላለስበት ግድግዳ ራሱ ነው። ከጎማ ሥር የተፈናጠረ ድንጋይ ቱቦውን ቢሰረጉደው ፒስተኑ እዚያው ይያዛል። በባለ ሁለት ቱቦው ግን የውጭው ግድግዳ ቢሰረጎድም የውስጠኛው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ አስፋልት ለሚበዛበት ለጎንደርና ለደባርቅ መንገድ ሁለቱም ይሆናሉ። ጠጠርና ድንጋይ ለሚበዛበት ለተራራው መንገድ ግን ግድግዳው የወፈረ፣ ዘንጉ የጎላ፣ ጋዝ ያለው ባለ ሁለት ቱቦ የተሻለ ምርጫ ነው። የአየሩም ነገር አይረሳ። ሌሊት በደባርቅ ብርድ ያደረ መኪና በማግስቱ ቆላ ወርዶ በሙቀት ይሠራል፤ የረከሰ ዘይት ያለው አሞርዛተር በጠዋት ይደርቃል፣ በቀትር ይሟሟል።

ጥንካሬው ደግሞ ከባሌስትራው ጋር መመጣጠን አለበት። ባሌስትራ የተደመረበት መኪና ሲጨቆን የሚያከማቸው ኃይል ስለሚበዛ፣ ወደ ላይ ሲመለስ አጥብቆ የሚይዘው አሞርዛተር ይፈልጋል። ባሌስትራው ሳይለወጥ ጠንካራ አሞርዛተር ቢታሰር ግን ጎማው ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ ይዘገያል፤ መኪናውም ይደርቃል። ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይህን አያስታውቁ ይሆናል፤ እንቁላል የጫነ ነጋዴ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ባለ ሱቆች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ሊሰማም የሚገባው ነው። አንደኛ፣ «ባለ ሱቅ መካኒክ አይደለም፤ የተጠየቀውን ይሸጣል» ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ለአንድ መኪና አምስት ዓይነት ልክ ማስቀመጥ ገንዘብን በመደርደሪያ ላይ ማሰር ነው» ይላሉ። ሦስተኛ፣ «ደንበኛው የሚጠይቀው ዋጋ እንጂ ልክ አይደለም» ይላሉ።

ለመጀመሪያው መልሱ ቀላል ነው። ጨርቅ ሻጭ ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን ጨርቁን ሳይለካ አይቆርጥም። አሞርዛተር ሻጭም ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። መኪናው ከፍ ተደርጓል ወይ? ምን ያህልስ፣ ከፊት ነው ከኋላ? ምን ጭኖ በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ገዢው መልሱን ካላወቀ ሜትርና ወረቀት ሰጥቶ ወደ ጋራዥ መላክ ይቻላል። ለሁለተኛው፣ አምስቱንም ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ የፋብሪካውን ልክና 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ለተደረገው የሚሆነውን ማስቀመጥ የብዙውን ደንበኛ ፍላጎት ይሞላል። ከዚያ በላይ ያለው በትእዛዝ ይምጣ። ለሦስተኛው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለወጥ ርካሽ ዕቃ ሦስት ዓመት ከሚያገለግል ውድ ዕቃ ይልቅ እንደሚወደድ ለደንበኛ በወረቀት ላይ ደምሮ ማሳየት ይቻላል። ሂሳብ የማይገባው ነጋዴ የለም።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የነጋዴው ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የእያንዳንዱ አሞርዛተር ዋጋም ከብዷል። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጂቡቲ ወደብ አልፎ፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተራግፎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር የደረሰ ዕቃ ልኩ ሳይሆን ቀርቶ በሁለት ወር ቢጣል፣ የጠፋው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የአገር ምንዛሪም በዚያው መንገድ ፈስሷል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወገን የሚጠበቅ አለ። አስመጪው ለውጭ ፋብሪካ ትእዛዝ ሲጽፍ በመኪና ስምና በዓመተ ምሕረት ብቻ አይጻፍ፤ ሲወጣና ሲገባ ያለውን ርዝመት፣ የማሰሪያውን ዓይነትና ለምን ያህል ከፍታ እንደተሠራ ይጥቀስ። ይህንኑም በአማርኛ አስጽፎ በካርቶኑ ላይ ይለጥፍ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የአሞርዛተር ልክም ከዚህ መረጃ ዋነኛው ነው። ጅምላ ሻጩ ልኩ ያልታወቀ ዕቃ አይቀበል። ባለ ሱቁ በመደርደሪያው አጠገብ ሜትር ይስቀል፤ የሸጠውንም ዕቃ ልክ፣ የመኪናውን ከፍታና የተሸጠበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዕቃው ቶሎ ቢያልቅ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የአገጣጠሙ በዚህ ይታወቃል፤ ክርክርም ይቀራል።

ጋራዡም የራሱ ድርሻ አለው። ባለ ሁለት ቱቦውን አሞርዛተር ከማሰር በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ በእጅ በመሳብና በመጫን አየሩን ያስወጣ። የማሰሪያውን ብሎን መጨረሻ የሚያጠብቀው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን፤ በአየር ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳልና። ፊቱ ከፍ የተደረገ መኪናም ዊል አላይመንት ሳይሠራለት ከግቢ አይውጣ፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል።

ባለ ፒካፑ ነጋዴ ደግሞ መኪናውን ከፍ ከማድረጉ በፊት ስለ ምን እንደሚያደርገው ራሱን ይጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏል። ከፍታ መኪናውን ከድንጋይ ያድናል፤ ግን የሚዛኑን ነጥብ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በመታጠፊያም ይበልጥ ያዘነብለዋል። ተጭኖ ለሚወርድ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር በልኩ የተሠራ ከፍታ፣ በግምት ከተሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ይሻለዋል።

በመጨረሻም ይህን ማሰብ ይገባል። በሊማሊሞ የሚወርድ ፒካፕ ሸክሙ ገብስና ባቄላ ብቻ አይደለም። ከጋቢናው ውስጥ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜም ከጭነቱ ጋር የሚሄዱ ባለ ንብረቶች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ደኅንነት የሚወሰነው በቁልቁለቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በባለ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያም በፊት በአስመጪው የትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ነው። አንድ ሜትርና ሦስት ጥያቄ ወጪ አይሆኑም። ዕቃን በስሙ የሚሸጥ ሻጭ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ በልኩ የሚሸጥ ግን ገዢው ከድብ ባሕር በደኅና ተመልሶ ደግሞ ይመጣለታል።